ከኋላ የሚቀመጠው ሰው

ሩቤ፣ ጁን 12 ቀን 1984

ውድ ሌዎንስ፣

ሰላምታዬ ላንተም ለልጅህ ለጂዜልም ይድረስ። ደብዳቤህን ኮሪን ከሥራ ስትመለስ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ አነበበችልኝ። ኮሪን ያቺ የእህቴ ልጅ ናት፣ በልጅነቷ ትራምህ ላይ ወጥታ ደወሉን ካልደወልኩ ብላ የምታለቅሰው። አሁን አስተማሪ ሆና ከእኔ በላይ ያለውን ፎቅ ተከራይታለች። አንብባ ስትጨርስ «በቃ? ይኸው ነው?» አልኳት። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ «ይኸው ነው አጎቴ፣ ጀርባው ባዶ ነው» አለችኝ። ድሮ ያንተ ደብዳቤ ከእራት እስከ መኝታ ያቆየን ነበር።

ስለ ትከሻዬ ለጠየቅኸኝ፣ ድኗል። ሲዘንብ ብቻ ይጠዘጥዘኛል። ሩቤ ውስጥ የማይዘንብበትን ቀን ደግሞ አንተው ንገረኝ።

ጉልበትህን ስላመመህ በዚህ በጋ አብረን መሄድ እንደማንችል ገብቶኛል። ለፋሲካ ስትጽፍልኝ ወገቤን ነው ብለኸኝ ነበር መሰለኝ። ሕመሙ ከወገብ ወደ ጉልበት ከወረደ ደግ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለ ለገና በእግርህ ጣት በኩል ይወጣልሃል። አትቆጣ፣ ቀልዴን ነው፤ ሐኪም ዘንድስ ሄደሃል?

ብስክሌቱን ሽጠው ያልከውን ግን አልሰማሁም። ኮሪንም ያን መስመር እንዳላነበበችው ተስማምተናል። የሁለት ሰው ብስክሌት ማን ይገዛል? ጡረታ የወጣ ትራም ነጂና ዓይነ ስውር የማዘጋጃ ቤት ስልከኛ ካልሆኑ በቀር።

ስለዚህ እኛው እንሄድበታለን። በጁላይ መጀመሪያ በባቡር ኦክሴር ድረስ፣ ከዚያ የኒቬርኔን ቦይ ተከትለን ቀስ እያልን ወደ ደቡብ። ፊት፣ ያንተ ቦታ ላይ፣ ኮሪን ትቀመጣለች፤ የምትመክራት ነገር አለ ወይ? እኔ እንደ ወትሮዬ ከኋላ። ቦዩ በመንደርህ አጠገብ እንደሚያልፍ ካርታው ላይ ያየችው እሷ ናት። እኔ ምንም አላልኩም።

ባለፈው በጋ ጆስላን ላይ ከብስክሌቱ ስለ ወደቅነው ምንም አልጻፍክም። እኔም አልጽፍም።

ያንተው አንሴልም

ይህን ራሴ ነኝ በታይፕ የመታሁት፤ ስሕተት ካለ ጣቶቼን ውቀሳቸው።


ቬርኗ፣ ጁን 21 ቀን 1984

ውድ አንሴልም፣

ይህ ደብዳቤ በጂዜል እጅ ስለተጻፈ ይቅርታ። የጽጌረዳውን አጥር ስከረክም እጄን ቆረጥኩት። ትንሽ ነገር ነው። አንተ ለውጡን አታየውም፤ ኮሪን ግን ትጠይቅ ይሆናል ብዬ ነው።

ለኮሪን የምትመክራት ነገር አለ ወይ ብለሃል። አለ። መታጠፊያው ሳይደርስ ትናገር። ከታጠፉ በኋላ ቢነገረው ለኋለኛው ሰው ምን ይጠቅመዋል? «ቀኝ» ትበል፣ «ጉድጓድ» ትበል፣ «ልናቆም ነው» ትበል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ቀደም ብላ ትያዝ፤ የኋላውን በፊት፣ የፊቱን በኋላ። ከተጠራጠረች ወርዳ ትግፋ፣ አያሳፍርም። አንተም ዳገት ላይ አትዝፈን። ስትዘፍን ፔዳሉን መርገጥ ትተዋለህ። እኔ ዝም ብዬህ የኖርኩት ድምፅህን ስለምወደው ነው።

በቬርኗ ማለፉ ይቅርባችሁ። ከቦዩ ወደ እኛ የሚወጣው መንገድ ድንጋያማ ነው፣ ጎማ ይበላል። በዚያ ላይ በዚያን ሰሞን እዚህ መኖሬን እንጃ።

አዎ፣ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ጉልበት ነው ብሎኛል።

ሌዎንስ


ማዪ፣ ጁላይ 5 ቀን 1984

ውድ ሌዎንስ፣

እኔ ሣር ላይ ተጋድሜ አወራለሁ፣ ኮሪን ትጽፋለች። ከራሷ የምትጨምረው ካለ በቅንፍ ታድርገው ብያታለሁ። (ጤና ይስጥልኝ ሙሴ ሌዎንስ። ጉልበትዎን ይማርልን። ብዙ ነው የምጨምረው።)

ከኦክሴር ከተነሣን ወዲህ የተጓዝነው መንገድ በእግር የሚሄድ ሰው እንኳ የሚስቅበት ነው። ቦዩ ላይ የጀልባ ማሳለፊያ በር በተገኘ ቁጥር ኮሪን ታቆማለች። ውሃው ሲጎድል ጀልባዎቹ አብረው ዝቅ ሲሉ ካላየች አትነሣም። እኔም የበር ጠባቂዎቹን ሚስቶች ወሬ እሰማለሁ። ትናንት አንዷ ባርኔጣዬን ተቀብላ ቼሪ ሞላችልኝና «ወዴት ናችሁ?» አለችን።

«የትም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ያጣድፋችኋል? ተቀመጡ እንጂ!»

ተቀመጥን። የፍየል አይብ አመጣች፣ ባሏም ከጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያቀዘቀዘውን ነጭ ወይን ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ብንነሣም ቀጥ ብለን አልሄድንም። (እኔ ቀጥ ብያለሁ። ከኋላ የሚወዛወዘው ሌላ ሰው ነበር።)

ስለ ነጂዋ ካነሣን፣ ጠንቃቃ ናት፣ ምክርህንም በቃሏ ይዛዋለች። ወሬ ግን የላትም። አንተ አንዲት ላም ብታይ የላሚቱን ጠባይ፣ የባለቤቷን ጠባይ፣ ባልና ሚስቱ ጠዋት የተጣሉበትን ነገር ሳይቀር ነበር የምትነግረኝ። ይቺን «ምን ይታያል?» ስላት «ዛፍ» ትለኛለች። ብዙ ከሄድን በኋላ «አሁንስ?» እላታለሁ። «ሌላ ዛፍ።» (እውነቱን ነው የነገርኩት። ዛፍ ነበር።)

ኦክሴር ፖስታ ቤት የጠበቀን ደብዳቤ ላይ አድራሻውን የጻፍከው አንተ ነህ አለችኝ፤ ውስጡ ግን የጂዜል እጅ ነው። አድራሻውን ዶሮ የጫረችው ይመስላል አለች። (አጎቴ፣ ይህንንም ልጻፈው? ይኸው ጻፍኩት። ይቅርታ ሙሴ ሌዎንስ።) ያ የተቆረጠው እጅህ እስካሁን አልዳነም? ብስክሌቱስ አልናፈቀህም፣ ወይስ ተቆጥተሃል?

ክላምሲ ፖስታ ቤት ጻፍልኝ። አንተ ዘንድ የምንደርሰው የጁላይ አሥራ አራት በዓል ማግስት ይመስለኛል። ድንጋዩ ጎማ ከበላም ይብላ።

አንሴልም


ቬርኗ፣ ጁላይ 8 ቀን 1984

ውድ አንሴልም፣

በበዓሉ ሰሞን አልኖርም። ጂዜል ሙላን ከተማ፣ የባሏ ቤተሰቦች ዘንድ ትሄዳለች፣ እኔንም ይዛኝ ነው የምትሄደው። በሩ ዝግ ነው የሚሆነው። በከንቱ ዳገት እንዳትወጡ ብዬ ነው አስቀድሜ የምጽፈው።

እጄ ድኗል። ጂዜል የምትጽፍልኝ ስለለመደባት ነው።

ከክላምሲ በኋላ ኮላንሴል ላይ ቦዩ ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ መንገዱ ከዋሻው በላይ በጫካ ውስጥ ይወጣና ይወርዳል። መውረጃው እርጥብ ነው፣ በበጋም አይደርቅም። ኮሪን፣ የኔ ልጅ፣ እዚያ ላይ እባክሽ ውረጂና ግፊ። አጎትሽ ምንም ቢልሽ አትስሚው። ውረጂና ግፊ።

አዎ አንሴልም፣ ብስክሌቱ ናፍቆኛል። ስትጠይቀኝ መዋሸት አልወድም። ደግሞም ተቆጥተሃል ወይ ትለኛለህ። አልተቆጣሁም።

ሌዎንስ


ሻቲዮን፣ ጁላይ 14 ቀን 1984

ውድ ሌዎንስ፣

ኮላንሴል ላይ ወርደን ገፋን። ልክ ነህ፣ በበጋም አይደርቅም። ኮሪን ሁለት ጊዜ ተንሸራታ የምትሳደበውን ስድብ ስሰማ አስተማሪ መሆኗን ተጠራጠርኩ። (ተማሪዎቼ ናቸው ያስተማሩኝ።)

ዛሬ እዚህ በዓል ነው። አደባባዩ ላይ አኮርዲዮን ይጫወታሉ፣ ሰው በቋሊማ ጭስ ውስጥ ይጨፍራል። አንዲት ሴትዮ መጥታ ለጭፈራ ጠየቀችኝ። «አላይም እኮ» ብላት «እኔም ወፍራም ነኝ፣ ማን ያየናል?» አለችኝ። ጨፈርኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ከአውሎ ነፋስ ማምለጫ እንደሚፈልግ ሰው ቶሎ ወጥቼ ወንዙ ዳር ኮሪንን «ወረቀት አውጪ» አልኳት።

አሁን የምለውን ሳታጉረመርም ትጽፈዋለች። ባለፈው ዓመት ጆስላን ቁልቁለቱ ላይ ስንወድቅ ትከሻዬ ተሰብሮ፣ ባነሡን ሰዎች ፊት ያልኩህን አልረሳሁትም። አንተም አልረሳኸውም። «ከሁለታችን ዕውሩ ማን ነው? ይህን ሁሉ ዓመት ትራም የነዳኸው ዓይንህን ጨፍነህ ኖሯል?» ነው ያልኩህ። ሆስፒታል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠህ አንድ ቃል ሳትመልስልኝ ሄድክ። እኔም ይቅርታ ለማለት ነገ ነገ ስል ዓመቱ አለቀ። እጄን ይዘህ ከትራም ወደ እግረኛ መንገድ ካወረድከኝ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው እንዳንተ አድርጎ ዓለምን አላሳየኝም። እኔ ደግሞ ያንን ቃል መረጥኩልህ። ይቅር በለኝ። (ይህን ታሪክ አላውቅም ነበር። ዓይኔ ውስጥ ነፋስ ገብቶ ነው ብለሽ ጻፊ ብሎኛል።)

ሙላን ብትሄድም ባትሄድም ነገ በደጅህ እናልፋለን። ከሌለህ በርህን ነክቼ እመለሳለሁ።

አንሴልም


ቬርኗ፣ ጁላይ 18 ቀን 1984

ውድ አንሴልም፣

ከሙላን የተመለስነው ትናንት ነው። ደጃፉ ላይ የተዋችሁትን አይብ አገኘሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ። መምጣታችሁንም ጎረቤቴ ነገረችኝ። ሳላገኛችሁ መቅረቴ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ጆስላን ላይ ያልከውን እኔ ረስቼዋለሁ። አንተም እርሳው። ይቅርታ የሚያስጠይቅህ ነገር የለም። እውነቴን ነው የምልህ፣ አንተን የሚያስጠይቅህ ነገር የለም።

የቦዩ ማብቂያ ደሲዝ ድረስ ደህና ገባችሁ? ይህን ደብዳቤ ሩቤ ቤትህ ነው የላክሁት።

ሌዎንስ


ሩቤ፣ ጁላይ 30 ቀን 1984

ሌዎንስ፣

ይህን ብቻዬን ሆኜ ነው በታይፕ የምመታው። ኮሪን አላየችውም፤ ፖስታ ቤትም በራሴ በትር እየተመራሁ እወስደዋለሁ።

ደሲዝ ደህና ገብተናል። ቦዩ ሎዋር ወንዝ ውስጥ ሲገባ ኮሪን በደስታ ጮኸች። እኔም እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ከቤትህ ደጃፍ እስከዚያ ድረስ ያነጋገርኳት በዚያች ቃል ብቻ ነው። ምስኪን፣ ደክሞኝ መስሏት በየጥላው ታሳርፈኝ ነበር።

አሁን ስለ ደጃፍህ። ኮሪን አንኳኳች፣ ደግማ አንኳኳች። ከዚያ «ጎረቤት ልጠይቅ» ብላ ሄደች፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። በስተቀኜ ቀዝቃዛ የኩሽና አየር መጣብኝ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ የእንጨት መዝጊያው ብቻ ነው የተሳበው ማለት ነው። ሙቀት ሲሆን ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል፤ ሙላን የሄደ ሰው ግን አያደርግም። ከአየሩም ጋር ትምባሆህ መጣ። ያን የምትጠቀልለውን ትምባሆ ስንት በጋ ከፊቴ ሲነፍስብኝ ኖሯል፣ እንዴት ይጠፋኛል?

እመነኝ፣ መጀመሪያ ደሜ ፈላ። «አንተ አሮጌ፣ ይህን ያህል ነው የጠላኸኝ?» ብዬ ልጮህብህ አፌን ከፍቼ ነበር። ያኔ ነው ስኒውን የሰማሁት። ስኒው ሰሃኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ በረደው ሰው ጥርስ። አንድ ጊዜ ቀጥ ይላል፣ በሌላው እጅህ ይዘኸው ይሆናል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ደግሞ ቀጥ ይላል። ደግሞ ይጀምራል። ማንም ሰው ወድዶ እንዲህ ያለ ድምፅ አያሰማም፤ የሚደበቅ ሰውማ ጭራሽ።

አፌን ዘጋሁ። ኮሪን ተመልሳ «ጎረቤቶቹም ለበዓሉ ሄደው ነው መሰለኝ፣ ማንም የለም። ትንሽ እንጠብቅ?» አለችኝ። «የለም፣ እንሂድ» አልኳት። አይቡን እንኳ ደጃፉ ላይ ያስቀመጥኩት ቀስ ብዬ ነው፣ እንዳትደነግጥ። እንግዲህ የትኛዋ ጎረቤት እንደ ነገረችህ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ ላይ ሆኜ ሁሉን አንድ በአንድ አሰብኩት። የጽጌረዳው አጥር። የጂዜል እጅ ጽሑፍ። አድራሻውን የጫረችው ዶሮ። ጆስላን ላይ ፍሬኑ ሳይያዝ መቅረቱ። ዓይንህ እንዳልሆነ አሁን ገባኝ። ዓመት ሙሉ ቁጣ ነው ብዬ የተቀየምኩት ሕመም ኖሯል። እኔም ለዚያ ሕመም «ዕውር» የሚል ስም አወጣሁለት፣ በሰው ፊት። ይህን ቃል ሰዎች እኔን ሲሉኝ የሚሰማኝን ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ።

ለምን አልነገርከኝም ብዬ አልጠይቅህም። እኔ ብሆን ኖሮ ስኒውን ወርውሬ ጓዳ ውስጥ በገባሁ ነበር። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእንግዲህ ስለ ጉልበትህ አትጻፍልኝ።

አንሴልም


ቬርኗ፣ ኦገስት 12 ቀን 1984

አንሴልም፣ ወንድሜ፣

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ጂዜል ልጻፍልህ ስትል ከክፍሉ አስወጣኋት። ኮሪን፣ ፊደሎቹ መስመር እየለቀቁ ቢያስቸግሩሽ ታገሺኝ። ሲደክምሽ ተዪውና ነፋስ ተቀብለሽ ተመለሺ። እኔም እንደዚያ እያደረግሁ ነው የጻፍኩት።

በሽታው ፓርኪንሰን ይባላል። ኔቬር ከተማ ያለው ሐኪም «ቶሎ አይገድልህም» አለኝ። በምን ቃል እንዳጽናናኝ አየህ? እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እግሬም አንዳንዴ በር መሃል ላይ ተተክሎ ይቀራል። ጂዜል «አባባ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ ዝንብ ገባ!» ትለኛለች። እንስቃለን። ከዚያ እሷ ወጥታ ታለቅሳለች።

አንተ ግን የገመትከው ሁሉ ልክ አይደለም። እጄ ጆስላን ላይ ድንገት የከዳኝ መስሎሃል። አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ፀደይ ላይ ነው የጀመረኝ። ቁልፍ ማስገባት፣ ሸሚዝ መቆለፍ ያቅተኝ ነበር። አውቄ ነው ከኋላዬ ያስቀመጥኩህ። ይህን አንድ በጋ ብቻ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ እያልኩ። ቁልቁለቱ ላይ ጣቶቼን «ፍሬኑን ያዙ» አልኳቸው፤ አልሰሙኝም። ሰው ሙሉ ነፍሱን ሲሰጠኝ፣ የማይታዘዝ እጅ ይዤ ተቀበልኩት። ስትሰድበኝ ዝም ያልኩት ስለተቀየምኩ አይደለም፣ ስድቡ ስላነሰብኝ ነው። ሆስፒታል አጠገብህ ስቀመጥ ልነግርህ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ልነግርህ ነበር። ከነገርኩህ ግን ዳግመኛ ከኋላዬ አትቀመጥም። ያንን መስማት አልፈለግሁም። ይኸው ሳልነግርህም አልተቀመጥክም።

ያን ዕለት ጂዜል ሙላን ሄዳለች፤ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ብስክሌቱ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ገና ከሩቅ ነው ያወቅሁት። ስኒውን ላስቀምጠው ብሞክር የባሰ ሊጮህ ሆነ፣ እንደያዝኩት ቆምኩ። በመዝጊያው ስንጥቅ አየሁህ።

አንሴልም፣ ስንት አገር ስንዞር አንተ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበርክ። ትንፋሽህን አውቃለሁ፤ የት ላይ እንደሚያጥር፣ የት ላይ ወሬ ልትጀምር እንደሆነ። መንገድ ላይ ሆነህ ፊትህ ምን እንደሚመስል ግን አይቼ አላውቅም። ነጂ ወደ ኋላ አይዞርም። ያን ዕለት ከመንገድ እንደመጣህ፣ አቧራህን እንደለበስክ፣ ፊትህን ወደ ፀሐይ አቅንተህ የበሬን እንጨት በመዳፍህ ስትዳስስ አየሁህ። ብዙ ነገር ያየ ሰው ፊት ነበር። እንዲህ ያለውን ፊት ነው ለካ ይዤ ስዞር የኖርኩት አልኩ።

ስኒውን ትቼ ወደ በሩ ሄድኩ። እጀታውን ይዤዋለሁ። መንቀጥቀጤ እጀታውን ሊያንኳኳው ሲል እጄን አነሣሁ። «እንሂድ» ስትል ሰማሁህ። ብስክሌቱ ቁልቁል ሲወርድ፣ ኮሪን «ድንጋይ!» ስትል ሰማሁ። ጎበዝ ልጅ፣ ቀድማ ነው የተናገረችው። ከዚያ በሩን ከፈትኩ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

በሴፕቴምበር ና። ባቡሩ ደሲዝ ያወርድሃል፣ ጂዜል ትቀበልሃለች። እኔም አብሬያት እመጣለሁ፤ እግሬ በር ላይ ካልተተከለ። ኩሽናችን ጠባብ ነው፣ ጠረጴዛውም ትንሽ ነው። ፊት ለፊቴ ትቀመጣለህ።

ሌዎንስ